ታፔላው ከቅስቱ ሥር

በእኛ ሙያ ታፔላ በዛ ተብሎ አያውቅም። በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ስምንት ዓመት ስቆይ «ሎጎው ተለቀ፣ ትንሽ ቀንሱት» ያለኝ ደንበኛም አለቃም የለም። ሁሌ የምሰማው ተቃራኒውን ነው። «ከፍ ይበል፤ መብራት ይጨመርበት፤ ከአደባባዩ ማዶ ይታይ።» ዩኒቨርሲቲም ያስተማሩን ይህንኑ ነበር፤ ያልታየ ዕቃ አይሸጥም። እናም ነጋዴዎችን ታፔላችሁን አሳንሱ ብለው ሱቅ ለሱቅ የዞሩ፣ ያውም ወጪውን ራሳችሁ ቻሉ ያሉ፣ ተሳክቶላቸውም የተሸለሙ አርክቴክት እንዳሉ ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ አድናቆት አልነበረም። ጥርጣሬ ነበር።

አርክቴክቷ አብሃ ናራይን ላምባ ይባላሉ። ሕንዳዊት ናቸው። ስማቸውን የሰማሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ለሕክምና ሙምባይ ይዣት በሄድኩ ጊዜ ነው። ቤተሰቡን ይዞ ሕንድ ለሕክምና የሄደ አንባቢ ያውቀዋል፤ በአንዱ ምርመራና በሌላው መካከል ያለው ቀን አይገፋም። ሐኪሙ «ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል» ካለ እስከ ሐሙስ ድረስ ምን ይሠራል? እናቴ ደህና ሆና በምታድርባቸው ቀናት ታክሲ ይዘን ወደ ደቡብ ሙምባይ እንወርድ ነበር። አንድ ቀን የድሮውን ከተማ በእግር ከሚያስጎበኝ ወጣት ጋር ሄድንና ዳዳባይ ናኦሮጂ ጎዳና ላይ ደረስን። የከተማው ሰው አሳጥሮ ዲ ኤን ሮድ ይለዋል።

ጎዳናውን ለማያውቀው ልግለጸው። በአንድ ጫፉ ክሮፎርድ የሚባለው የድሮ ገበያ አለ፤ በሌላው ጫፍ ፍሎራ የተባለችው የድንጋይ ፏፏቴ አለች። በመካከሉ የድሮው ቪክቶሪያ ተርሚነስ፣ በ1888 የተጠናቀቀው ግዙፍ የባቡር ጣቢያ ተገትሯል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1860ዎቹ የእንግሊዞች ምሽግ ግንብ ሲፈርስ መንገዱ ሰፋ። በ1896 ደግሞ ደንብ ወጣ፤ በመንገዱ ዳር የሚሠራ ሕንፃ ሁሉ ከሥሩ እግረኛ የሚያልፍበት ባለቅስት መተላለፊያ እንዲኖረው። እያንዳንዱ ባለቤት ሕንፃውን እንደፈለገ አስጊጦ ሠራ፤ መተላለፊያው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ቀጠለ። ሙምባይ ክረምቷ ለጉድ ነው፣ በጋዋም እንደዚያው። እናቴ ከቅስቱ ሥር ቆም ብላ ወደ ላይ አየችና «ዝናብ አይነካሽ፣ ፀሐይ አይነካሽ፤ ይህን ያሰበ ሰው እናቱን የሚወድ ነው» አለችኝ። አስጎብኚያችን እንድተረጉምለት ለመነኝና ሲሰማ ሳቀ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ቅስቶቹ አይታዩም ነበር። የሱቅ ታፔላ ሸፍኗቸዋል። አንዱ ቀይ ሲሰቅል ጎረቤቱ ቢጫ ይሰቅላል፤ አንዱ ሁለት ሜትር ሲያደርግ ሌላው ሦስት ያደርጋል። የዚህን ውድድር አካሄድ በደንብ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ሁሉም ሲጮህ ማንም አይሰማም፤ ግን ቀድሞ ዝም ለማለት የሚደፍር የለም፤ ዝም ያለው ብቻውን ይከስራልና።

ላምባ በዴልሂ በሚገኘው የፕላንና የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ተምረው፣ በቅርስ ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ጥቂት ጊዜም ከታዋቂው አርክቴክት ከጆሴፍ አለን ስታይን ጋር ሠርተው ነው ወደ ሙምባይ የመጡት። ዘመኑን አስቡት። ሕንድ ኢኮኖሚዋን ለገበያ ከከፈተች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው፤ ገንዘብ ወደ መስታወትና ወደ ፎቅ እየጎረፈ ነው። ልጄ አርክቴክት ሆነች ብሎ የሚደሰት ቤተሰብ፣ ልጅቷ አሮጌ ቤት መጠገን ነው የምፈልገው ስትለው ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተኝም። እርግጥ አንድ አመቺ ነገር ነበር። ከተማዋ በ1995 ታሪካዊ ሕንፃዎቿን በደረጃ መዝግባ የምትጠብቅበት ደንብ አውጥታ ነበር። ሕንድ ውስጥ የከተማ ሕንፃዎችን በዚህ መልክ በመጠበቅ ቀዳሚዋ ናት። ግን ደንብ ወረቀት ነው። የሕንፃው ፊት የባለሱቁ ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደሞዝ ያስጨንቀዋል።

ላምባ በ1998 የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ፤ የዲ ኤን ሮድ ሥራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ መዘገቡና ለባለሱቆች የሚሆን የመመሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ። ይዘቱ ሲታይ ቀላል ነው። ታፔላህን ከቅስቱ በላይ አትስቀል፣ ከቅስቱ ውስጥ አግባው፤ የተጠረበውን ድንጋይ አትሸፍን፤ ዓምዱ ላይ አትለጥፍ። ስምህ ይኑር፣ ሕንፃውም ይኑር። ከዚያ የሚቀጥለው ነው ከባዱ፤ ሰዎቹን ማሳመን። ለአዲሱ ታፔላ የከፈሉት ራሳቸው ባለሱቆቹ ናቸው። ቆየት ብለውም የመንገዱ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ስለ ወንበሩም፣ ስለ ቆሻሻ መጣያውም፣ ስለ መብራቱም አብረው መወሰን ጀመሩ። ሥራው በ2004 ከዩኔስኮ የእስያና ፓሲፊክ የቅርስ ጥበቃ ሽልማቶች በአንዱ ተመሰገነ።

ይህን ሳነብ ጥርጣሬዬ ለምን እንደለቀቀኝ ልንገራችሁ። ሴትዮዋ ነጋዴዎቹን ስለ ታሪክ ክብር በመስበክ ብቻ ቢሆን ኖሮ የትም አይደርሱም ነበር። ያሳመናቸው ሒሳቡ ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ በሙያዬ ዓይን የታየ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ካሳነሰ ማንም አይጎዳም። ሁሉም የተነበበበት ንጹሕ መንገድ ደግሞ፣ ሁሉም ከተጯጯኸበት መንገድ ይልቅ ሰው ያስቆማል። እንደ ብራንድ ካየነው፣ የዚያ ጎዳና ትልቁ ታፔላ ቅስቱ ነበር፤ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

ዛሬ ዲ ኤን ሮድ ገነት ሆኗል ብዬ አላጋንንም። እኛ ስንሄድ ከቅስቶቹ ሥር የስልክ መሸፈኛ፣ አሮጌ መጽሐፍ፣ ሰዓትና ቀበቶ የዘረጉ ቸርቻሪዎች ሞልተውበት ነበር፤ አንዳንዱ ታፔላም ተመልሶ አብጧል። ግን ወደ ላይ ቀና ሲሉ ቅስቱ ይታያል።

ከዚያ ወዲህ የላምባን ሥራዎች አንድ በአንድ ተከታተልኩ። እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖብኛል፤ ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ የትኛውን ሕንፃ አደሱ?» እያለ ይቀልድብኛል። በጣም የወደድኩት የሙምባይ ሮያል ኦፔራ ሃውስ ታሪክ ነው። በ1911 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ሕንድን ሲጎበኙ መረቁት፤ ግንባታው ግን ገና አላለቀም ነበር። (ሳያልቅ መመረቅ የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።) በኋላ ዘመኑ የፊልም ሆነና ኦፔራ ቤቱ ሲኒማ ቤት ሆነ። በ1952 የጎንዳል ማሃራጃ ገዙት። ቪዲዮና ቴሌቪዥን መጥተው ሲኒማውንም ገበያ ሲያሳጡት በ1993 በሩ ተዘጋ። ሃያ ሦስት ዓመት ተዘግቶ ቆየ።

ሃያ ሦስት ዓመት የተዘጋ ቤት ምን እንደሚሆን ለማወቅ አርክቴክት መሆን አያስፈልግም። የእኛም አገር ሰው ቤት ካልተኖረበት እንደሚፈርስ ያውቃል። ላምባና ባልደረቦቻቸው እድሳቱን ሲረከቡ፣ ንብረቱ አሁንም የጎንዳል ቤተሰብ ነበር። የድሮ ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን እያነጻጸሩ፣ ሲኒማ በሆነበት ዘመን የተደራረበውን እያነሱ ወደ መጀመሪያው መልኩ መለሱት። በጥቅምት 2016 ሲከፈት በዚያችው ከተማ የተወለዱት የሶፕራኖ ድምፃዊት ፓትሪሺያ ሮዛሪዮ አዜሙበት። በማግስቱ ዓመት ዩኔስኮ ሸለመው። ሕንድ ውስጥ የተረፈው ብቸኛ ኦፔራ ቤት እሱ ነው፤ አሁን ሙዚቃም፣ ቴአትርም፣ ፊልምም ይታይበታል።

ስለ እድሳት ሳነብ ካስደነቁኝ ነገሮች አንዱ የሲሚንቶ ጉዳይ ነው። እኛ ቤት ሲሚንቶ ማለት ክብር ነው፤ ወረፋ የተያዘበት፣ በሰው በሰው የተገኘ፣ ጭቃውን የሚሸፍን። የድሮ ሕንፃ ግንብ ግን የታሰረው በኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ ይተነፍሳል፤ ዝናብ የገባበት ግድግዳ እርጥበቱን በኖራው በኩል መልሶ ያወጣል። ለማጠንከር ተብሎ ሲሚንቶ ሲለሰንበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ እዚያው ታምቆ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ሲታይ ታድሷል፤ ከውስጥ እየሞተ ነው። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ትልቁ ድካም ቀደም ብለው በቅን ልብ ያደሱ ሰዎች ያደረጉትን ማንሳት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የላምባ ሥራ ግን የታላላቅ አዳራሾች ብቻ አይደለም። በሂማላያ ተራሮች መካከል፣ ላዳክ በምትባለው ደረቅና ቀዝቃዛ አገር፣ ባስጎ የሚባል መንደር አለ። እዚያ የማይትሬያ ቤተ መቅደሶች የሚባሉ የቡድሃ ምስል ያለባቸው የጭቃ ሕንፃዎች አሉ፤ ጭቃ ስል በእርግጥም ጭቃ፣ በፀሐይ የደረቀ ጡብ። ዕድሜያቸው አምስት መቶ ዓመት ገደማ ነው። ሊፈርሱ የነበሩትን እነዚህን ሕንፃዎች ለማዳን የተነሱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ጉልበታቸውን ሰጥተው። ላምባ በዚህ ሥራ በባለሙያነት አብረዋቸው ነበሩ። በ2007 የዩኔስኮ ከፍተኛው የእስያና ፓሲፊክ ሽልማት የተሰጠው ለዚህ የጭቃ ሥራ ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደግን ሰዎች ስለ ጭቃ የምናወራበትን ቃና ሳስበው ይህ ሽልማት ደስ ይለኛል።

ዴልሂ ውስጥ ደግሞ ቢካነር ሃውስ አለ። የራጃስታን ግዛት የቢካነር ማሃራጃ የነበሩት ጋንጋ ሲንግ ወደ ዋና ከተማው ሲመጡ የሚያርፉበት ቤት ሆኖ ነው የተሠራው። ከነፃነት በኋላ የመንግሥት ሆነ፤ ቢሮ ሆነ፤ የአውቶቡስ መናኸሪያም ሆነ። ብዙ የዴልሂ ሰው ቤቱን የሚያውቀው ቤተ መንግሥት ብሎ አይደለም፤ ወደ ጃይፑር የሚሄደውን አውቶቡስ የሚሳፈርበት ቦታ ብሎ ነው። ላምባ ካደሱት በኋላ በ2015 የባህል ማዕከል ሆነ፤ ሥዕል ይታይበታል፣ ኮንሰርት ይደረግበታል፣ ሻይ ይጠጣበታል። አሮጌን ሕንፃ ለአዲስ አገልግሎት ማዋል የሚሉት ይህንን ነው። እኔ መናኸሪያ መሆኑንም አልንቀውም። አውቶቡሱ ባይኖር ኖሮ ሰው ያንን ግቢ ረስቶት፣ ቤቱም እንደ ኦፔራው ተዘግቶ ይቀር ነበር ይሆናል። ሥራ ያለው ቤት ቢቆሽሽም ይቆያል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የታደሰ ቤት ውድ ቤት ይሆናል። የኦፔራ ቤቱ ትኬት ለማን ይደርሳል? ሙምባይ ውስጥ ከ1947 ጀምሮ በነበረው የኪራይ ቁጥጥር ሕግ ምክንያት በብዙ አሮጌ ሕንፃዎች የሚኖሩ ሰዎች ኪራያቸው እዚያው ቆሞ ቀርቷል። ተከራዩ በሳንቲም ይኖራል፤ ባለቤቱ በዚያ ሳንቲም ጣሪያ አይጠግንም፤ ጣሪያው በመጨረሻ ሁለቱም ላይ ይወርዳል። የቀበሌ ቤት ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለዚህ ጥያቄ ላምባም ቢሆኑ መልሱን ጨርሰውታል አልልም። ባለገንዘብ ቤተሰብ፣ ድርጅት ወይም መንግሥት ከጀርባው ያለው ሕንፃ ይድናል፤ ከጀርባው ባልቴት ብቻ ያሉት ግን?

ቢሆንም የገነቡት ነገር ቀላል አይደለም። ፎርት በሚባለው የሙምባይ አካባቢ ያለው የአይሁዶች ምኩራብ፣ በ1884 የተሠራው ክነሴት ኤሊያሁ፣ ለረጅም ጊዜ ፈካ ያለ የውሃ ሰማያዊ ተቀብቶ ነበር፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው በዚያ ቀለም ነው። በ2019 እድሳቱ ሲያልቅ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። የለመደው ሰው ግር ቢለው አይፈረድበትም፤ እኔም የሁለቱን ዘመን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ለረጅም ጊዜ አይቻለሁ። በ2018 ደግሞ በኦቫል ሜዳ ዙሪያ ያሉ 94 የቪክቶሪያ ዘመንና የአርት ዲኮ ሕንፃዎች በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። የማመልከቻውን ሰነድ ያዘጋጁት ላምባ ናቸው፤ ከጀርባቸው ለዓመታት የታገሉ የነዋሪዎች ማኅበራት ነበሩ። ሜዳው ላይ ልጆች አሁንም ክሪኬት ይጫወታሉ። እኔና እናቴ ውጤቱ የሚደርስበትን ሐሙስ ስንጠብቅ እዚያ ዳር ተቀምጠን አይተናቸዋል፤ የጨዋታው ሕግ እስካሁን አልገባንም። (እናቴ ደህና ናት፤ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ።)

ይህን ሁሉ ለምን እንደምጽፍ ልናገር። የሕንድ ግንበኛና አናጢ እጅ እኛም አገር አለ። ሐረር ውስጥ የራምቦ ቤት የምንለው፣ ባለቀለም መስታወቱና የእንጨት ሥራው የሚያምረው ቤት፣ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ገጣሚው ራምቦ የሞተው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል። በአዲስ አበባም በድሮው ዘመን ከአርመኖችና ከግሪኮች ጋር ሕንዶች የሠሩባቸው፣ ፊታቸው በእንጨት ጥልፍ የተጌጠ ባለ በረንዳ ቤቶች ነበሩ፤ ጥቂቱ ዛሬም አለ። ከእነዚያ የአንዱን ምድር ቤት የምሠራበት ድርጅት ለአዲስ ቅርንጫፍ ተከራይቷል። ባለቤቷ እማማ ዕድሜያቸው ሰማንያ ተሻግሯል። ቤቱን አማታቸው ከሕንዳዊ ነጋዴ እንደገዙት ይናገራሉ።

የቅርንጫፉ ታፔላ የእኔ ሥራ ነው። ከማስታወቂያ ሠሪው የመጣው የመጀመሪያው ንድፍ የበረንዳውን ፊት ከዳር እስከ ዳር በአሉኮቦንድ ይሸፍናል፤ ዘጠኝ ሜትር፣ በሌሊት የሚበራ። ንድፉ ላይ ጥልፉ እንጨት የለም፤ ኮምፒውተሩ አጥፍቶታል። ሁለተኛ ንድፍ አሠራሁ። ፊደሎቹ አርባ ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ከበረንዳው ሥር በሩን በያዘው ቅስት ውስጥ ይገባሉ፤ መብራቱ ከኋላቸው ነው። ዋጋው ከመጀመሪያው ያንሳል። ይህንንም በስብሰባው ላይ በደማቁ አስምሬ አቀርባለሁ።

አለቃዬ የጠየቁኝ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «ከመንገዱ ማዶ ይነበባል?» አሉ። ክርክር አላበዛሁም። ፊደሎቹን በልካቸው በወረቀት አሳተምኩ፤ ከባልደረባዬ ጋር ሄደን በሲባጎ ቅስቱ ላይ ሰቀልናቸው፤ መንገዱን ተሻግሬ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ይነበባል። እንዲያውም ግራና ቀኙ ያሉት ትልልቅ ታፔላዎች ተደራርበው ሲታዩ፣ ዓይን የሚያርፈው ባዶ ቦታ ባለበት በእኛ ላይ ነው። ፎቶውን ስልክላቸው «ሰኞ ሁለቱንም አምጪና እንወስናለን» ብለው መለሱልኝ።

እማማ ትናንት ደውለው ነበር። ስለ ኪራዩም ስለ ንድፉም አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ እንጨቱ ላይ ምስማር ትመቱበታላችሁ ወይ?» አሉኝ። ሁለተኛው ንድፍ ከጸደቀ እንጨቱንም ድንጋዩንም እንደማንነካ፣ የምንበሳው በድንጋዮቹ መጋጠሚያ፣ ኖራው ባለበት ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ኖራውንስ ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። ከሰኞው ስብሰባ በፊት ቤቱ ድረስ መጥቼ የትኛው ኖራ፣ የትኛው በኋላ የተለሰነ ሲሚንቶ እንደሆነ እንዲያሳዩኝ ተቀጣጥረናል።